ባጃጅ ላይ የማይጫን ውሃ

ግንቦት 22፣ ሰኞ። ጠዋት

አሸዋ አጠባ። ስንተኛ ባልዲ እንደሆነ እንጃ፤ ውሃው አሁንም ሻይ ይመስላል። ጣቶቼ ተሸብሽበዋል። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችኝና ቤት ላሠራ መስሏት መረቀችኝ። አሚን አልኩ። ለመስታወት ሳጥን ነው ብላት ምን ትለኝ ነበር?

ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። አኳሪየም ልሠራ ነው። የዓሣ ቤት፤ ውስጡ ጫካ የሆነ። ደሴ ተፈናቅለን ሳለ ጥርሴን ያሳየሁበት ክሊኒክ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ነበር። ጥርሴ ከዳነ በኋላም ታካሚ መስዬ እየሄድኩ ፊቱ እቀመጥ ነበር። ያን ሰሞን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ፦ ብርሃን በሌለው ቤት፣ በትንሽ ወጪ፣ ያለ ፓምፕ። ለእኔ ተብሎ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ብርሃን የሌለው ቤት የእኛ ሳሎን ነው። ባለቤቴ እንድሪስ ጥይት ፈርቶ መስኮቱን እስከ ግማሹ በብሎኬት ዘጋው፤ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላም እንደተዘጋ ነው። ትንሽ ወጪ የተባለውም ያው እኔው ነኝ። ሱቄን የዘረፉት ሰዎች የተዉልኝ የቪትሪኑን መስታወት ብቻ ነው። ሽቶው ሄደ፣ ቅባቱ ሄደ፣ የጸጉር ማስያዣ ሳይቀር ሄደ። መስታወት ማን ይሸከማል።

ዋናው ነገር ግን በሩ ሥር ያለው ጓዝ ነው። ብርድ ልብስ፣ ልብስ፣ ሁለት ድስት፤ በሰማያዊ ገመድ የታሰረ። ታኅሣሥ ላይ ከደሴ ስንመለስ እንደታሰረ እንድሪስ አልፈታም አለ። ጦርነቱ እንደገና መምጣቱ አይቀርም ይላል፤ ኮምቦልቻ ወንድሙ ጋ አንድ ክፍል አለ፤ ባጃጁን አስነስቶ እዚያ መግባት ነው። ግድግዳ ላይ ሚስማር እንኳ አያስመታኝም። እኛ በአንድ ጋቢ እየተጓተትን ብርድ ልብሱ በሩ ሥር ታስሮ ያድራል። እኔ ደግሞ ከመርሳ አልነቃነቅም። ስደቱን አንዴ ቀመስኩት፤ ይበቃኛል።

ስለዚህ ባጃጅ ላይ የማይጫን ነገር እሠራለሁ። ይኼን ለእሱ አልነገርኩትም።

ግንቦት 25፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ወልድያ ደርሼ መጣሁ። መስታወቱን በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ይኼ ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ነው፣ ይከፈልበታል አለ። ከፈልኩ። እንግዲያው ወንበር ይያዝ ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ከውርጌሳ የመጣ ሰውዬ ቆሞ ሄደ፤ መስታወቱ ተቀምጦ።

ጋሼ ወርቁ ጋ። በርና መስኮት የሚሠሩ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው። ሲቆርጡት ጭር የሚለው ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዘንድሮ ሰው ሁሉ የተሰበረ መስኮት ሊያስገጥም ነው የሚመጣው፣ ዓሣ ላሳድር ብሎ የመጣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ አሉ። ከዚያ መደርደሪያውን ፈለግ ፈለግ አድርገው የተጀመረ የመስታወት ማጣበቂያ ሲሊከን ሰጡኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። አደራቸው አንድ ብቻ ነው። ሲሊከኑ አምስት ቀን ሳይሞላው ውሃ እንዳይነካው።

እሺ አልኩ። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። ይየኝ።

ግንቦት 28፣ እሑድ

አትጠይቂኝ።

እሺ፣ ጠይቂኝ። ሳጥኑን ለጥፌ አምስት ቀን መጠበቅ አልቻልኩም። በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ የደረቀ መሰለኝ። ሞላሁት። ቆመ! ማሻአላህ እያልኩ ዞርኩት። ከዚያ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ወረደች። ከዚያ ጎርፍ። የቤታችን ወለል ወዴት እንደሚያዘነብል ዛሬ ነው ያወቅኩት፦ ወደ በሩ። ወደ ጓዙ።

እንድሪስ ሲገባ ጓዙ ይንጠባጠባል። ገመዱን ያዘ። ፈታው። ስንት ወር ለምኜው እንቢ ያለውን ጓዝ ፈታው። ብርድ ልብሶቹን ስናሰጣ ፊቴን የጥፋተኛ አስመስዬ ውስጤ እየዘፈነ ነበር። ፀሐዩ ግን ከእኔ ጋር አልተባበረም፤ ከሰዓት ሁሉም ደረቀ። መልሶ አሰረው። ያውም በድርብ ቋጠሮ።

ተጣላን። የሚያፈስ ሳጥን ይዘሽ ነው ቤት የምታቆሚው አለኝ። እኔ ያልኩት ብዙ ነው፤ ግማሹን አልጽፈውም። መጨረሻው ውርርድ ሆነ። ውርርድ ሐራም ነው፣ ስምምነት በይው አለ። ይሁን፣ ስምምነት። እስከ አረፋ ውሃው ጠርቶ፣ ሣሩ በቅሎ፣ ዓሣም ገብቶ አንድ ሳይጎድል ከቆየ ጓዙ ይፈታል። ካልሆነ አፌን ዘግቼ ኮምቦልቻ።

ሰኔ 4፣ ቅዳሜ

የድሮውን ሲሊከን ፋቅኩ፣ በአዲስ ለጠፍኩ፣ ጋሼ ወርቁ እንዳሉት ጠበቅኩ። አላፈሰሰም። ጠብ አላለም!

ዛሬ ደግሞ ቦዩ። እንድሪስ ቤንዚን ጠፍቶ እያለ ለአረም ብሎ እያጉረመረመ ወሰደኝ። ከከተማው በታች ፓፓያውን የሚያጠጣው የመስኖ ቦይ፣ ዛፍ የጋረደው ቦታ። በጥላ የበቀለ ሣር ጥላ ቤት አይጨንቀውም፤ ጽሑፉ ነው ያለው። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ሀብት! ሪባን የመሰለ ረጅም ሣር። እንደ ቀበሮ ጭራ የተበተነ፣ ሥር የሌለው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቅጠሉ ምስር የሚያክል። ድንጋይ ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ ጸጉር፤ እሱን ከነድንጋዩ ወሰድኩት። ስማቸውን አላውቅም። ባለ ቦዩ ገበሬ መጡና ቆመው አዩን። ቦያቸውን የምንጠርግላቸው መስሏቸው ጀዛችሁን አላህ ይክፈላችሁ ብለው ፓፓያ ሰጡን። እንድሪስ እንንገራቸው አለ። እግሩን ረገጥኩት። ፓፓያው ማር ነበር።

አፈሩ ከጎረቤት ማንጎ ሥር፣ በወንፊት የተነፋ፤ እሱን ስስ አድርጌ ከታች፣ አሸዋውን ከላይ። ሣሩን የተከልኩት በቅንድብ ወረንጦ ነው። ከሱቄ ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ ተረስቶ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር፤ ሥራ አገኘ። ውሃውን ሳህን ላይ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ፣ አፈሩ እንዳይነሳ። ጀርባዬ ተቆረጠ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 13፣ ሰኞ

ወተት። ውሃው ወተት ሆነ። ሪባኑ ከጫፉ ጀምሮ እየሟሸሸ ነው፤ ስነካው እጄ ላይ ይቀራል። ሳሎኑ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። እንድሪስ ተነስቶ በሩን ከፈተ፣ በቃ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

በቱቦ ግማሹን ውሃ ልቀንስ ስስብ ዋጥኩት። እሱን ተይው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሣር የሚለቀስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለሱቄም ያን ያህል አላለቀስኩም።

እዚያው ቀን፣ ከዙሁር በኋላ

የበሰበሰውን በወረንጦ ስለቅም ከአንዱ ሥር መሀል አየሁት። አዲስ ቅጠል። ጥፍሬን አያክልም፣ ቀለሙ የጎመን ቡቃያ። ዘልዬ ተነሳሁና ራሴን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨሁት። ለእንድሪስ አልነግረውም። ራሱ ይየው።

ሰኔ 24፣ ዓርብ

ጠራ! ማክሰኞ ስነሳ የኋላው ግድግዳ ቀለም በውሃው ውስጥ አልፎ ይታየኛል። ዛሬ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከግማሹ መስኮት ትንሽ ፀሐይ ገብታ፣ የቀበሮ ጭራው ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ተደረደሩ። አንድ አንድ እያሉ ወደ ላይ። ሣሩ እየተነፈሰ ነው። ፓምፕ የሌለን ለዚህ ነው፤ መብራት ቢጠፋ፣ ባይጠፋ ግድ የለንም።

ከዚያ የዛሬው ጉድ። እንድሪስ ከጁምዓ በኋላ ባጃጁን ሊያጥብ ወንዝ ወርዶ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ገባ። ውስጡ ጣት የሚያክሉ፣ ግራጫ፣ ጭራቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው። መንገድ ላይ ስላገኘኋቸው ነው አለ። ዓሣ መንገድ ላይ! እስከ ጭኑ ርሶ ቆሞ እኮ ነው እንዲህ የሚለው። ሥራ ነበረኝ ብሎ መልሶ ሊወጣ ነበር፤ በርጩማውን ስቦ ፊታቸው እንደተቀመጠ መግሪብ ደረሰ።

ሐምሌ 2፣ ቅዳሜ። አረፋ

ከሶላት መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። የመጣው ሁሉ ከእኛ በፊት ለሳጥኑ ሰላምታ ይሰጣል። ሴቶቹ ፊቱ ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ ጀነት ውስጥ እንዲህ ያለ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ከዚህ የሰፋ ይኖራል አልኳት። ኩራቴ ጣራ ነካ።

ሰው ሲወጣ እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። አንዷ የለችም። እኔም ቆጠርኩ። የለችም። ወለሉን፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ሁሉን ፈለግን። የለችም። አንድ ሳይጎድል ነበር ያልነው አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳይጎዳኝ። ይኼው ነው የጎዳኝ።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

ከድንጋዩ ኋላ ወጣች! ወፍራለች፣ ሌባ! ትል ስትበላ ነው መሰለኝ የከረመችው። እንድሪስን ከባጃጅ ተራው አስጠራሁት። መጣ፣ አያት፣ ቀኑ አልፏል አለ። ሳቀም። እኔ አልሳቅኩም። ምሳም አላቀረብኩለትም።

ከሰዓት ግን ሳይጠራ መጥቶ ከመስኮቱ አንድ ረድፍ ብሎኬት አነሳ። ለሣሩ ነው አለ፣ ላንቺ አይደለም። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል እኔው ከለከልኩት። ብርሃን ከበዛ አልጌ ይወርሰዋል። ሁለታችንም ሳቅን። ጓዙ ግን በሩ ሥር ነው። ስገባ ስወጣ እግሬን ይመታኛል።

ሐምሌ 20፣ ሮብ

የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። መርሳ ውስጥ ክረምት ማለት ወባ ማለት ነው፤ የታቆረ ውሃ ይደፋ ብላ ቤት ለቤት እየዞረች ነው። ሳጥኑን ስታይ ደነገጠች፤ ይኼ ሁሉ ውሃ እቤት ውስጥ፣ ዛሬውኑ ይደፋ አለች። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። ጎረቤት በርሜል ውስጥ ትንኝ የሚሆኑት ትሎች ይራወጣሉ፤ በብርጭቆ ቀድቼ ፊቷ ሳጥኑ ውስጥ ለቀቅኳቸው። ዓሦቹ እንደ ሰርግ ቤት ሰው። በደቂቃ አንድ ትል የለም። ልጅቷ አፏን ያዘች። ሌላም አምጪ አለችኝ። አመጣሁ። እሱም አለቀ። መደፋቱ ቀረና ለበርሜሉም ዓሣ አምጡለት ብላ ሄደች። እንድሪስ አሁን የበርሜል ዓሣ አቅራቢ ሆኗል፤ ቁጥር አንድ ነገረኛ ደንበኛው ጎረቤታችን ናት።

ሳጥኑን አሁን ብታዪው። ሪባኑ በአሸዋው ሥር ሥር እየሄደ ልጅ አወጣ፣ ልጁም ልጅ አወጣ፤ ጫፉ ውሃው ላይ ደርሶ ተኝቷል። ጸጉሩ ድንጋዩን አልብሶ አጠገቡ ያስቀመጥኩትን እንጨት ጀምሯል። ምስሩን በየሳምንቱ እየገፈፍኩ ለዶሮ እሰጣለሁ። የበዛውን ሣር እየቆረጥኩ ማደል ጀመርኩ። በጨለማ ሳሎን፣ በተዘረፈ ሱቅ መስታወት። እኔ ነኝ የሠራሁት። ደግሜ ልጻፈው፦ እኔ ነኝ።

ነሐሴ 18፣ ሮብ

ነጎድጓድ መሰለኝ። ክረምት ነው እኮ። እንድሪስ ግን እጁን አየር ላይ አንስቶ ቆመ፤ ደግሞ ሲመጣ ሁለታችንም መድፍ መሆኑን አወቅን። ከሰሜን ነው፣ ከቆቦ ወዲያ። ወጥቶ ቤንዚን ፈልጎ መጣ። ጓዙን ከበሩ ሥር አንስቶ በረንዳ ላይ፣ ከባጃጁ አጠገብ አደረገው።

ፈራሁ። ባለፈው ጊዜ ቤንዚን አጥተን በእግራችን እስከ ውርጌሳ የሄድነውን አስታወስኩ።

ነሐሴ 22፣ እሑድ። ጠዋት

አስፋልቱ በሰው ሞልቷል። ከላይ ወደ ታች፤ ፍራሽ፣ ፍየል፣ ሽማግሌ በቃሬዛ። ወልድያ ያሉትም እየወጡ ነው ይላሉ። ማንም የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ያወራል። እንድሪስ ከንጋት ጀምሮ ሰው እያመላለሰ ነው፤ ከአቅመ ደካማ ሒሳብ አይቀበልም።

እኔ ተሸነፍኩ፣ ማስታወሻዬ። አንድ የመስታወት ሳጥን ወድጄ የሰው ሕይወት አላስይዝም። እሱ ሲመለስ እሺ እንሂድ እለዋለሁ። ዓሦቹን ወንዝ እመልሳለሁ። ከየሣሩ ትንሽ ትንሽ ቆርጬ የማር ብልቃጥ ውስጥ አድርጌያለሁ፤ ብልቃጥ ባጃጅ ላይ ይጫናል። የቀረው ይቅር።

እዚያው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ

ቆይ። ከየት ልጀምር።

እንድሪስ ሁለት ሰው ይዞ መጣ። አባባ ይመርና ባለቤታቸው፤ ከወልድያ በላይ ካለ ገጠር በእግራቸው የመጡ፣ በዝናብ የበሰበሱ። መሀል አስፋልት ላይ ቆመው አገኛቸው። ሴትዮዋ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም አሉ አባባ ይመር። ተቀመጡ ብዬ የሚላስ የሚቀመስ ልፈልግ ጓዳ ገባሁ። ቧንቧ ከሄደ ሰንብቷል።

አባባ ይመር የአስር ሶላት ሊያልፋቸው ሆነ። ሰው ማስቸገር አልወደዱም። ውሃ ሲፈልጉ ዓይናቸው ምን ላይ ያርፋል? ጥርት ያለ ውሃ፣ ክዳን ያለው፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያችንም አጠገቡ ተቀምጧል። ለእንግዳ የተዘጋጀ መሰላቸው። ጨለማ ስለሆነ ሣሩን ጥላ ነው ብለዋል። ማንቆርቆሪያውን ነክረው ቀዱ። ስወጣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ታጥበዋል፣ ተጉመጥምጠዋል፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ምስር የምታክል ቅጠል ተለጥፋለች። ሁለተኛ ሲያፈሱ መዳፋቸው ላይ ዓሣ ወደቀች።

አባባ ይመር ዓሣዋን አዩ። እኔን አዩ። ዓሣዋ ትዘላለች። "ልጄ፣ ውሃሽ ነፍስ አለው" አሉ።

ማንን ላድን? ዓሣዋን ነጥቄ መለስኳት። ይቅር በሉኝ አልኩ፤ እሳቸውም ይቅር በይኝ አሉ። አብሽሪ፣ ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ጠሃራ፣ ንጹሕ ነው፣ ውዱኤ አይበላሽም አሉና ረጋ ብለው እግራቸውን ጨረሱ። ሌላ ድምፅ ሰማን። ሴትዮዋ እየሳቁ ነው። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፤ ሳቁ እንባ እስኪሆን። "ተይ አንቺ" አሉ አባባ ይመር፤ እሳቸውም አልቻሉም። ከሶላት በኋላ ሁለቱ በርጩማ ላይ ተጠጋግተው ሳጥኑ ፊት ተቀመጡ። ማን ነው በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሚያለማ አሉ። እንድሪስ ሚስቴ ናት አለ።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ሴትዮዋ ይንቀጠቀጣሉ፤ ያለን ጋቢ አንድ ነው። ጎረቤት ልጠይቅ ነጠላዬን አነሳሁ። እንድሪስ ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ጓዙን አቅፎ ገባ፣ ሳሎኑ መሀል አስቀመጠው። ድርብ ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፤ በእጁ አልሆነም። ቢላ ላቀብለው ስል ገመዱ ይፈለጋል ብሎ ተንበርክኮ በጥርሱ ፈታው። ብርድ ልብሱን አራግፎ ሴትዮዋን አለበሳቸው፤ ሁለተኛውን ለአባባ ይመር። ድስቶቹን ለእኔ አቀበለኝ። ወደ እኔ አላየም። እኔም እንዲህ ባለ ቀን እንኳ ምላሴን መያዝ ቻልኩ።

ነሐሴ 23፣ ሰኞ። ጠዋት

ሰው አሁንም እየወረደ ነው። ድምፁ ዛሬ የለም፤ ወይም ዝናቡ ሸፍኖታል። እንግዶቻችን ፈጅርን ሰግደው መልሰው ተኝተዋል። ኮምቦልቻውስ ብዬ ጠየቅኩት። እንግዳ ጥሎ የሚሄድ ሰው አየሽ ወይ አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ቆሟል። ከባሰ አብረን እናያለን፣ ዛሬ ግን እንቆያለን። ፍርሃቴ አልሄደም፤ አብሮን ይደር።

የማር ብልቃጡ ውስጥ የነበረውን ሣር መልሼ ተከልኩ። ማንቆርቆሪያውን ከሳጥኑ አርቄ አስቀመጥኩ። ውሃው አባባ ይመር በቀዱት ልክ ጎድሏል። እንድሪስ አይቶት የምንሞላው በምንጭ ውሃ ይሁን በጣራ አለኝ፤ በምንጭ አልኩት። ጄሪካኑን ባጃጁ ላይ ጭኖ ጥሩምባ እየነፋ ነው፤ አብሬው ልሄድ። በመስኮት አየሁት። ጄሪካኑን ያሰረው በሰማያዊው ገመድ ነው።